ከመናኸሪያ እስከ ምንጭ፦ ግሽ ዓባይ እንደ ሜዳ ቤተ ሙከራ

የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት ሲነሣ በብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ብልቃጦችና መለኪያ መሣሪያዎች የተደረደሩበት ክፍል ነው። ይሁን እንጂ የፊዚክስ፣ የጂኦግራፊና የሥነ ምድር መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦችን በአንድ የአውቶቡስ ቲኬትና በግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ማየት የሚቻልባቸው ስፍራዎች በአገራችን ብዙ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ አንዱን፣ በምዕራብ ጎጃም በሰከላ ወረዳ የሚገኘውን ግሽ ዓባይን እንመለከታለን። ጉዞአችን የሚመራው በአንድ አጭር ጥያቄ ነው፤ አንድ ወንዝ በትክክል ከየት ይጀምራል?

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚሄድ የሕዝብ አውቶቡስ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይን ሸለቆ ያቋርጣል፤ ከዚያም በደብረ ማርቆስና በደምበጫ አድርጎ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ቀጥሎ ቡሬ፣ ከቡሬ በኋላ በአዊ ዞን የምትገኘው ቲሊሊ ትገኛለች። ከቲሊሊ ወደ ግሽ ዓባይ ከተማ የሚወስደው መንገድ ከዋናው አውራ ጎዳና ይገነጠላል። በዚህ መንገድ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ሚኒባሶችና በተለምዶ «ቅጥቅጥ» የሚባሉት መለስተኛ አውቶቡሶች ናቸው። ከባሕር ዳር የሚነሣ ተማሪ ደግሞ በወተት ዓባይ፣ በዳንግላና በእንጅባራ በኩል ወደ ቲሊሊ ይመጣል።

ሁለቱም መንገደኞች ምንጩን ከማየታቸው በፊት ወንዙን ይሻገራሉ። ከአዲስ አበባ የመጣው ታላቁን ዓባይ በሸለቆው ውስጥ፣ ከባሕር ዳር የመጣው ደግሞ ግልገል ዓባይን በወተት ዓባይ ድልድይ ይሻገራል። በድልድዩ ላይ የታየውን የውኃ መጠን በማስታወሻ ደብተር መዝግቦ መያዝ ይገባል፤ በኋላ ለማነጻጸር ይጠቅመናል።

ከፍታ በመስኮት ሲታይ

ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ግሽ ዓባይ ከተማ ደግሞ 2,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በወይና ደጋው የፍኖተ ሰላም ዙሪያ በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ የሚበቅሉ ሲሆን፣ ወደ ሰከላ ሲወጣ ገብስና ድንች ቦታውን ይይዛሉ። ለዚህ ለውጥ ዋናው ምክንያት የሙቀት መጠን ነው። በአማካይ በየ100 ሜትር ከፍታ ሙቀት 0.65 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። የ850 ሜትር ልዩነት እንግዲህ 5.5 ዲግሪ ያህል ቅናሽ ያስከትላል ማለት ነው።

የአየር ግፊትም እንዲሁ ይቀንሳል። በፍኖተ ሰላም ከፍታ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 79 በመቶ ያህሉ ሲሆን በግሽ ዓባይ ወደ 71 በመቶ ይወርዳል። ይህን ያለ መሣሪያ ማረጋገጥ ይቻላል። ግሽ ዓባይ ላይ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቀን ዘግተን በቦርሳችን እንያዝ። ተመልሰን ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ጠርሙሱ ጎኑ ገብቶ፣ ተጨምድዶ እናገኘዋለን። በውስጡ የታሸገው የደጋ አየር የወይና ደጋውን ከፍ ያለ ግፊት ሊቋቋም አልቻለምና። የቦይል ሕግ በመጽሐፍ ከሚሰጠን እኩልታ ይልቅ ይህ ጠርሙስ በአእምሮአችን የሚቆይ ይመስለናል። በዚሁ ምክንያት ግሽ ዓባይ ላይ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የባቄላ ንፍሮ በደጋ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስደውም ስለዚህ ነው።

ምንጩ

ከከተማው ወደ ምንጩ የሚደረገው የእግር ጉዞ አጭር ነው። የሚጠብቀን በግሽ ተራራ ግርጌ፣ ረግረግ ባለው ሜዳ ዳር ከመሬት የሚወጣ ውኃ ነው። ስፍራው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አማኞች ዘንድ የተከበረ ጸበል ነው። የአካባቢው ሕዝብ ምንጩን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ከአውሮፓውያን መካከል ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ጎብኝቶታል፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ደርሶበታል። ብሩስ የስፍራውን ኬክሮስ በመሣሪያ ለክቶ 11 ዲግሪ ሰሜን ሊሞላ ጥቂት የቀረው መሆኑን መዝግቧል፤ የዛሬው የሳተላይት መለኪያም ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ፓኤዝ በሚያዝያ፣ ብሩስ በኅዳር ሲመጡ ሁለቱም ውኃ አግኝተዋል። ዝናቡ ግን በአመዛኙ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥል ነው። ታዲያ በበጋ የሚፈሰው ውኃ ከየት ይመጣል? አካባቢው በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ የባዛልት ድንጋይ ምድር ነው። የክረምቱ ዝናብ በድንጋዩ ስንጥቆች ወደ ታች ይሰርጋል፤ ውኃ በቀላሉ የማያሳልፍ ንብር ሲያጋጥመው ወደ ጎን ይሄድና ተዳፋቱ ከንብሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ብቅ ይላል። ረግረጉ ሜዳ ደግሞ እንደ ስፖንጅ ውኃውን ይዞ ቀስ በቀስ ይለቃል። ስለዚህ በሚያዝያ ከምንጩ የምናየው ውኃ ቀደም ባለ ክረምት የወረደ ዝናብ ነው።

የሁለት ጠብታዎች ጉዞ

አሁን በግሽ ተራራ ጀርባ ላይ ቆመን ሁለት የዝናብ ጠብታዎች ጎን ለጎን ሲወድቁ እናስብ። አንዱ በሰሜን፣ ሌላው በደቡብ ተዳፋት በኩል ይወርዳል። የቆምንበት ጀርባ በሥነ ውኃ አነጋገር ውኃ ከፋይ መስመር ይባላል።

የሰሜኑ ጠብታ ወደ ግልገል ዓባይ ገብቶ፣ 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ጣና ሐይቅ ይደርሳል። ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ ነው። ከጣና መውጣት ግን ለሁሉም ጠብታ የተሰጠ ዕድል አይደለም። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ካለው ሐይቅ በትነት የሚሄደው ውኃ በዓባይ በኩል ከሚወጣው አያንስም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ከፊሉ ውኃ በጣና በለስ ዋሻ ወደ ምዕራብ ተሻግሮ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ከትነትና ከዋሻው የተረፈው ጠብታ በባሕር ዳር ወጥቶ፣ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ተወርውሮ፣ የጮቄን ተራሮች በምሥራቅ ዞሮ፣ አውቶቡሳችን በተሻገረው በደጀኑ ድልድይ ሥር ያልፋል።

የደቡቡ ጠብታ ይህን ሁሉ ዙር አያውቅም። እንደ ፈጣምና ብር ባሉ ወንዞች፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አገር በኩል በአቋራጭ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ሁለቱ ጠብታዎች ከደጀን ድልድይ በታች፣ በሸለቆው ውስጥ እንደገና ይገናኛሉ። የሚገናኙበት ስፍራ ከተለያዩበት ጀርባ በቀጥታ ቢለካ ከ150 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ አንደኛው ግን ጎጃምን ዞሮ መጥቷል። ከዚያ በኋላ አብረው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ሐይቅ ይገባሉ።

መጀመሪያው የቱ ነው?

በዚህ ጊዜ ወደ ጥያቄያችን እንመለሳለን። በሳይንስ የወንዝ መነሻን ለመወሰን ቢያንስ ሁለት መለኪያዎች አሉ። በርቀት ከሄድን የናይል እጅግ ሩቅ መነሻ በነጭ ናይል በኩል፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ማዶ በሩዋንዳና በብሩንዲ ኮረብታዎች ይገኛል። በውኃ መጠን ከሄድን ግን በናይል ከሚፈሰው ውኃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የሚሄድ ሲሆን፣ ከዚህም የሚበዛው የዓባይ ነው።

ሆኖም የዓባይ ውኃ ራሱ የመጣው ከአንድ ምንጭ አይደለም። ዓባይ ወደ ሱዳን ሲሻገር ከያዘው ውኃ የጣና ድርሻ ከአሥር በመቶ በታች ነው። የቀረው ከጣና በታች ካሉት ተዳፋቶች፣ ከእነ ፈጣምና ብር፣ ከጮቄ፣ ከወለጋና ከሸዋ ወንዞች የተሰበሰበ ነው። ስለዚህ የእኛ መልስ ይህ ነው፦ ግሽ ዓባይ በእምነትና በታሪክ የዓባይ ራስ ነው፤ በሥነ ውኃ ሲታይ ግን ወንዙ የሚጀምረው ዝናብ በሚወርድበት ተዳፋት ሁሉ ላይ ነው።

ይህ መልስ ኃላፊነትን ያስከትላል። ምንጩን ብቻ አጥሮ መጠበቅ ወንዙን አይጠብቀውም። አንድ ገበሬ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በማሳው ላይ የሠራው እርከን፣ ወይም ሳይታረስ የቀረ አንድ ረግረግ ሜዳ፣ ዝናቡ አፈር ጠርጎ እንዳይሄድ አግዶ ወደ ከርሰ ምድር ያሰርገዋል። ያ ውኃ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይመለሳል። እርከኑ ሲፈርስና ሜዳው ሲታረስ ደግሞ ክረምቱ ጎርፍ፣ በጋው ደረቅ ይሆናል።

የወንዝን ፍሰት መለካት

የማንኛውንም ጅረት ፍሰት በሜትር፣ በሰዓትና በደረቅ እንጨት መለካት ይቻላል። ቀጥ ብሎ የሚፈስ የ10 ሜትር ርዝመት እንምረጥ። እንጨቱን ጥለን 10 ሜትሩን የሚጨርስበትን ጊዜ ደጋግመን እንለካና አማካዩን እንውሰድ። የጅረቱን ስፋት በአማካይ ጥልቀቱና በፍጥነቱ እናባዛ። የላዩ ውኃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ውጤቱን በ0.85 እናባዛዋለን። ለምሳሌ ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 0.2 ሜትር የሆነ ጅረት 10 ሜትሩን በ20 ሴኮንድ ቢጨርስ ፍጥነቱ 0.5 ሜትር በሴኮንድ ነው። ፍሰቱም 1.2 × 0.2 × 0.5 × 0.85፣ ማለትም በሴኮንድ 102 ሊትር ይሆናል።

ልኬቱ ከጸበሉ ራቅ ብሎ፣ በታችኛው ጅረት ላይ መደረግ አለበት። ወደ ምንጩ ከመቅረብ፣ ፎቶግራፍ ከማንሣትም ሆነ የውኃ ናሙና ከመውሰድ በፊት የቤተ ክርስቲያኑን አገልጋዮች ማስፈቀድ ይገባል። ወደ ጸበል የሚመጣ ሰው ሳይበላ መምጣቱ የተለመደ ስለሆነ፣ ስንቅን በምንጩ ዙሪያ አለመፍታት ጨዋነት ነው።

ለጉዞው አመቺው ወቅት ዝናቡ አባርቶ ሜዳው አረንጓዴ የሚሆንበት ጥቅምትና ኅዳር ነው። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በተነሣው የትጥቅ ግጭት ሳቢያ በዚህ መሥመር የሕዝብ ማመላለሻ በተደጋጋሚ ተቋርጧል፤ ሕዝቡም ብዙ ተጎድቷል። ስለዚህ የመንገዱን ሁኔታ ከመናኸሪያውና ከአካባቢው ነዋሪ ሳያረጋግጡ መነሣት አይገባም። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ መንገዱ ስሙን እስኪመስል ድረስ ልኬቱን በየሠፈራችን ጅረት ልንጀምረው እንችላለን። ከላይ እንዳየነው ያም ጅረት የአንድ ወንዝ መጀመሪያ ነው።

መልመጃ

1. በትምህርት ቤታችሁ ግቢ የሚወርድ ዝናብ በየትኞቹ ወንዞች አልፎ የት ይደርሳል? በካርታ ተከታተሉ።

2. በአቅራቢያችሁ የሚገኝን ጅረት በጥቅምትና በመጋቢት ለኩ። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት በላዩ ስላሉት ተዳፋቶች ምን ይነግራችኋል?

3. የተዘጋው ጠርሙስ ከፍኖተ ሰላም ወደ ግሽ ዓባይ ቢወሰድ ምን ይሆናል? ምክንያቱን አስረዱ።