አክስታችንን በምን እናስባት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች! ለዚህ እትም የተሰጠን ርእስ «ሙታንን ማሰብ» የሚል ነው። ስለዚህ ነገር ከሩቅ ምሳሌ ከመፈለግ ይልቅ ከራሳችን ቤት መጀመር ይሻለናል ብለን አሰብን። እቴቴ እያልን የምንጠራት አክስታችን ካረፈች ገና ዓመት አልሞላትምና።

ሀ. እቴቴ ማን ነበረች?

እቴቴ ከወገራና ከጭልጋ ለትምህርት ወደ ገንዳ ውሃ የወረድነውን የወንድሞቿንና የእኅቶቿን ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር አሳደገችን። የራሷ ልጅ አልነበራትም፤ ነገር ግን ከማዕዷ ልጅ ጠፍቶ አያውቅም። የማሽላ እንጀራዋን እየቆረሰች ለሁላችን እኩል ታድለን ነበር።

ሁላችሁም እንደምታውቁት በቆላችን የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ሳሉጎች ከደጋ በብዛት ይወርዳሉ። የደረሰ ሰሊጥ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ስለሚረግፍ ሥራው ጥድፊያ ነው። ወቅቱም የወባ ወቅት ነው። እቴቴ በዚያ ወራት በደጃፏ እንስራ ሙሉ ውኃ ታስቀምጥ ነበር። ትኩሳት የያዘውን ሳሉግ አጥሚት አጠጥታ፣ ከእኛ አንዱን አስከትላ ወደ ሕክምና ትልከዋለች። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰዎች በመተማ ዮሐንስ በኩል ወደ አገራችን በገቡ ጊዜም፣ ጉልበቷ ደክሞ ሳለ፣ ዳቦ እየጋገረች በእኛ እጅ ትልክላቸው ነበር።

ለ. መጽሐፍ ቅዱስ ምን ያስተምረናል?

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 11 ስለ አንዲት አክስት ተጽፏል። ጎቶልያ የንጉሥ ዘር የሆኑትን ሁሉ ስታስገድል፣ ዮሳቤት የወንድሟን ልጅ ኢዮአስን ሰርቃ ከሞት አዳነችው። ሕፃኑም ስድስት ዓመት በእግዚአብሔር ቤት ተሸሽጎ አደገ፤ በኋላም ነገሠ። የዳዊት ዘር ያልተቋረጠው አንዲት አክስት ደፍራ በሠራችው ሥራ ነው ማለት ነው።

ዳግመኛም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 በኢዮጴ ስለነበረችው ስለ ጣቢታ እናነባለን። እርሷ በሞተች ጊዜ መበለቶች ቅዱስ ጴጥሮስን ከበው እያለቀሱ የሰፋችላቸውን ልብስ አሳዩት። የጣቢታን ሀብት ወይም ትውልድ አልቆጠሩም፤ በእጇ የሠራችውን አሳዩ እንጂ። ከዚህ የምንማረው የሰው እውነተኛ መታሰቢያ በሌሎች ላይ ያደረገው በጎ ነገር መሆኑን ነው።

ሐ. የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት

ተዝካር የሚለው ቃል «ዘከረ»፣ ማለትም «አሰበ»፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። ስለዚህ ትርጉሙ መታሰቢያ እንጂ ድግስ አይደለም። በሥርዓታችን የሞተው ሰው በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቁና በሙት ዓመቱ ይታሰባል። 3ኛው ቀን የጌታን ትንሣኤ፣ 40ው ዕርገቱን ያስታውሰናል። ዮሴፍ ለአባቱ ለያዕቆብ 7 ቀን አልቅሷል (ዘፍ. 50፥10)። እስራኤልም ለሙሴ 30 ቀን አልቅሰዋል (ዘዳ. 34፥8)። በእነዚህ ቀናት ዋናው ነገር ጸሎተ ፍትሐቱ፣ ቅዳሴውና ለድሆች የሚሰጠው ምጽዋት ነው።

መ. በቤታችን የተነሣው ክርክር

የእቴቴ አርባ ሲቃረብ ታላቅ አጎታችን፣ «ሰው ምን ይለናል? በሬ ይሸጥ፣ የጎደለውም ከሰሊጥ ነጋዴ ብድር ይወሰድ» አሉ። ይህን ያሉት ለእኅታቸው ካላቸው ፍቅር መሆኑን እናውቃለን። እቴቴ ግን በሕይወት ሳለች፣ «በእኔ ስም ዕዳ ገብታችሁ በሬ የሌለው ቤት እንዳታደርጉኝ» ትለን ነበር። የንስሐ አባቷን ጠየቅን። እርሳቸውም፣ «ጸሎቱ አይጉደል፤ ድሀው አይረሳ፤ የቀረው እንደ አቅማችሁ ነው» አሉን። አጎታችንም ሰምተው ዝም አሉ፤ በኋላም ተስማሙ። ፍትሐቱ ተደረሰ፣ ነዳያን በሉ፤ በሬውም አልተሸጠም። ሙት ዓመቷ ሲደርስ ደግሞ ለድግስ ከምናስበው ገንዘብ ከፍለን ለሳሉጎች አጎበር ልንገዛ ወስነናል፤ የወባ ትንኝ የምትናከሰው ይበልጡን በሌሊት ነውና።

ሠ. የምንናዘዘው ነገር

ወገኖቻችን፣ ይህን ብቻ ጽፈን ብናቆም ራሳችንን ማመስገን ይሆንብናል። እቴቴ በታመመችበት ወር እኛ በየፊናችን ቤት ተከራይተን ወጥተን ነበር። ዓይኗ ስለ ደከመ፣ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥታችሁ ዳዊት ድገሙልኝ» ብላ ላከችብን። እኛ ደግሞ ለዓመት በዓላችን መዝሙር እናጠና ስለነበር፣ «ከበዓሉ በኋላ እንመጣለን» ብለን መለስን። በዓሉ ሳይደርስ አረፈች። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25ን በቃላችን እናውቀዋለን፤ የታመመውን መጠየቅን ግን በአልጋዋ አጠገብ አልፈጸምነውም። ዳዊቱን የደገምንላት በመቃብሯ ላይ ነው።

በድንበራችን ያለችው መተማ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በዚያ ጦርነት ወድቀው ያረፉትን የዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ስም ይዛ ትኖራለች። ለእቴቴ በስሟ የሚጠራ ከተማ የለም። በደጃፏ የነበረው እንስራ ግን ዛሬም ውኃ አለበት፤ ተራ ገብተን እንሞላዋለን። ነገር ግን ለሞተው ከምናደርገው ሁሉ በፊት በሕይወት ላለው ማድረግ ይቀድማል። ከእናንተ መካከል የሚጠብቃችሁ አክስት፣ አጎት ወይም አያት ያላችሁ ሁሉ፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ሂዱና ጠይቋቸው። ለሚቀጥለው እሑድ አታሳድሩት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ ልብሱን ያሳዩት ለምን ይመስላችኋል?
2. ተዝካር ለቤተሰብ ዕዳ እንዳይሆን ወጣቶች ምን ልንረዳ እንችላለን?
3. በሰፈራችሁ የሚጠይቀው ያጣ ሕመምተኛ ማን ነው? መቼስ ትሄዳላችሁ?

እግዚአብሔር የእቴቴን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።