የመጸዳጃ ጕድጓድን ስለ መጠበቅ፥ ስለ መመርመርና ስለ መተካት

በየቤቱ ስንዞር፥ «ጕድጓዱን ከቈፈርን ምን ቀረን?» የሚል ጥያቄ ያጋጥመናል። መልሳችን፥ ጕድጓድ በየዓመቱ ካልተመረመረ፥ ጤና ሊጠብቅ የተሠራው ነገር ራሱ የበሽታ ምንጭ ይሆናል የሚል ነው።

ለዚህም ምስክር አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1854 ዓ.ም. በለንደን ከተማ፥ ብሮድ ስትሪት በተባለው ሠፈር፥ ከ600 የሚበልጡ ሰዎች በኮሌራ አለቁ። ሐኪሙ ጆን ስኖው የበሽታው መነሻ የሠፈሩ የመጠጥ ውሃ መሆኑን አመለከተ። በኋላም በአጠገቡ ያለው የመጸዳጃ ጕድጓድ ተቈፍሮ ሲታይ፥ የጡብ ግንቡ ተበላሽቶ፥ ከውሃው ጕድጓድ አንድ ሜትር እንኳ የማይርቅ ሆኖ ተገኘ።

በራቤልና በአካባቢው ደጋም ቤቱ ከላይ፥ ምንጩ ከታች ከሆነ አደጋው ያው ነው፤ የክረምት ጎርፍ ከሞላው ጕድጓድ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይወርዳልና። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ፥ በግንቦት፥ እነዚህ አራት ነገሮች ይመርመሩ።

አንደኛ፥ ጕድጓዱ ከምንጭ ወይም ከውሃ ጕድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ፥ ከውሃውም ወደ ታች በኩል የሆነ መሆኑ።

ሁለተኛ፥ የወለሉ እንጨት አለመበስበሱ፥ በአፉ ዙሪያ ያለውም ዐፈር አለመሰንጠቁ።

ሦስተኛ፥ ዝንብ የሚከለክል ክዳን መኖሩ፥ ጎርፍ የሚመልሰውም ቦይ መጠረጉ።

አራተኛ፥ የቀረው ጥልቀት፤ ይህም በረጅም ዘንግ ይለካል።

ከአፉ እስከ ቈሻሻው ግማሽ ሜትር ብቻ ሲቀር ጕድጓዱ ሞልቷል። ያን ጊዜ በዐፈር ተደፍኖ በሌላ ይተካ፤ አዲሱም በበጋ አስቀድሞ ቢቈፈር ይሻላል። የወስፋት እንቍላል ብዙ ጊዜ ሳይሞት ስለሚቈይ፥ የተደፈነው ቢያንስ እስከ ሁለት ዓመት አይነካ። በውሃ የሚሠራ ሴፕቲክ ታንክ ያለው ሰው ደግሞ ዝቃጩ ሲሶውን ሲይዝ በመጣጭ መኪና ያስወጣ፤ በረኪናም አያብዛበት፤ ቈሻሻውን የሚያበሰብሱትን ረቂቅ ሕዋሳት ይገድላልና።

ከሁሉ አብልጠን የምናስጠነቅቀው ግን፥ ማንም ሰው ለመጥረግም ሆነ የወደቀ ዕቃ ለማውጣት ወደ ጕድጓድ እንዳይወርድ ነው። በውስጡ የሚጠራቀመው መርዛም ጋዝ ሰውን በጥቂት ትንፋሽ ይጥላል፤ ሊያድነው የሚወርደውም ወንድሙ ይከተለዋል።

መምህራን ሆይ፥ ምርመራውን ከትምህርት ቤታችሁ ጕድጓድ ጀምሩ፤ ተማሪው ያየውን ለቤቱ ይነግራልና።