«ቀኑ ደርሶ ነው» ስለሚባለው የመንገድ ሞት

መኪና ሰው ገድሎ ወደ ልቅሶው ቤት በምንሄድበት ጊዜ ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚል ቃል እንሰማለን። ኀዘንተኛውን ለማጽናናት የተባለ እንደ ሆነ አንነቅፈውም፤ የሰው ዕድሜ በፈጣሪው እጅ መሆኑን የሚክድ ምእመን የለምና። ነገር ግን ይኸው ቃል ወደ ነጂው አፍ በገባ ጊዜ ማምለጫ ይሆናል፤ በራሱ ችኰላ ያደረሰውን ጥፋት ለእግዚአብሔር ሰጥቶ እርሱ እንደ ንጹሕ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ነገሩን በሕገ እግዚአብሔር መዝነን ልንመለከተው ይገባናል።

የሙሴ ሕግ መኪና ባልነበረበት ዘመን የተሰጠ ቢሆንም ለዚህ የሚበቃ ፍርድ አለው። አዲስ ቤት የሠራ ሰው ከጣራው ላይ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል (ዘዳ. 22፥8)። የወደቀው በገዛ እግሩ ሄዶ የወደቀ ነው፤ ባለቤቱም እጁን አላነሣበትም፤ ሆኖም መከታውን ስላላበጀ ደሙ ይፈለግበታል። ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈውም እንዲሁ ነው (ዘፀ. 21፥28-29)። በሬው ከዚያ በፊት ወግቶ የማያውቅ ከሆነ ባለቤቱ ነጻ ነው፤ ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀር ግን ፍርዱ በእርሱ ላይ ይወድቃል። እንግዲህ ፍሬኑ መድከሙን ረዳቱ ነግሮት «እስከ ነገ ያደርሰናል» ብሎ የተነሣ ነጂ፥ ወይም ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ሰዎችን አሳፍሮ የወጣ ነጂ ከዚህ ባለ በሬ በምን ይለያል?

ፍጥነትንም ስንመለከት ነገሩ ይጸናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሕፃን ከመንገዱ ዳር ብቅ ሲል፥ ነጂው አይቶ እግሩን ወደ ፍሬኑ እስኪያደርስ ይህችው ሴኮንድ ታልፋለች፤ መኪናውም ገና መቆም አልጀመረም። ፍጥነቱ ዕጥፍ ቢሆን፥ ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት ዕጥፍ ይሆናል። ይህ ፈጣሪ በፍጥረቱ ያኖረው ሥርዐት ስለ ሆነ ለጾመኛውም ለማይጾመውም አንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑትም ከሌላው የሞት ምክንያት ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው። ይህን ሁሉ ሕፃንና ጐልማሳ ቀኑ ደርሶ ነው ብለን ዝም እንበልን?

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደውን ቍልቍለት የማያውቅ መንገደኛ ጥቂት ነው፤ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ዝቅታ በጥምዝምዝ መንገድ ይወረዳል። አስተዋይ ነጂ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ፥ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝለት አድርጎ፥ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሌላው ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ማርሹን አውጥቶ በፍሬን ብቻ ይለቀዋል፤ ፍሬኑም በሙቀት ብዛት ይደክምና በሚያስፈልግበት ሰዓት እንቢ ይላል። ይህ ሰው ምናልባት የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል ከፊቱ ሰቅሏል። ሥዕሉን መስቀሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰይጣን ጌታችንን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በፈተነው ጊዜ ያመጣው ምክንያት የመላእክትን ጥበቃ እንደ ነበረ እናስታውስ (ማቴ. 4፥5-7)። ጌታችንም እግዚአብሔርን መፈታተን እንዳይገባ መልሶለታል።

ጥፋቱን ሁሉ በነጂው ላይ ብቻ መጫንም ፍርድ ማጓደል ነው። በኢይዝራኤል ግንብ ላይ የቆመው ዘበኛ ኢዩን ገና ከሩቅ፥ ፊቱ ሳይለይ፥ በችኰላ አነዳዱ ዐውቆታል (2ነገ. 9፥20)። የሀገራችን ሰው ጃንደረባው ግን በሰረገላው ተቀምጦ መጽሐፍ እያነበበ ይሄድ ነበር፤ ውኃ ባገኘ ጊዜም ሰረገላው እንዲቆም አዘዘ (ሐዋ. 8፥38)። አቁም ያለው ተሳፋሪው ነው! ወደ ቁልቢ ወይም ወደ ግሸን ለንግሥ ስንሄድስ እኛ የምንለው ምንድን ነው? «ምነው ተኛህ፥ ንዳው እንጂ፥ ማኅሌቱ ሊያመልጠን ነው» እንላለን። ከመጠን በላይ በተጫነ መኪና ላይም «ተጠጉ፥ አንድ ሰው አይጠፋም» እንባባላለን። እኛ ካህናቱም ከዚህ ንጹሓን አይደለንም፤ በመስተብቍዕ ስለ ነጋድያን የለመነው አንደበታችን ከቤተ መቅደስ ወጥቶ ነጂውን ሲያስቸኵል ተገኝቷል።

ነጂ «መኪናዬን በጠበል ባርኩልኝ» ብሎ በሚመጣበት ጊዜ ካህኑ አስቀድሞ ፍሬኑ መቼ እንደ ታየ፥ እርሱም ሌሊቱን እንደ ተኛ ቢጠይቀው ከክህነት ሥራ የወጣ አይደለም። የንስሐ አባትም ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ ከጠየቀው በኋላ «ልጄ፥ የዓባይን ቍልቍለት በስንተኛ ማርሽ ወረድኸው?» ይበለው። በመጀመሪያው ቀን ይሥቅ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ መልሱን ሳይሰጥ አይነሣ።