ምዕራፍ 6፦ «ሲ» የተባለው ቤት ለምን ይበርዳል?

ለንደን ውስጥ ቤት ሲያሳያችሁ ኤጀንቱ ስልኩን ያወጣና አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የተሰለፈበትን ሥዕል ያሳያችኋል። «ኢፒሲው ሲ ነው፣ ቆንጆ ነው» ይላል፤ ኢፒሲ ማለት የቤቱን የኃይል ብቃት ከኤ እስከ ጂ በፊደል የሚመዝን ወረቀት ነው። እናንተም ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያይ አንገቱን የሚደፋው ልማዳችን ባሕር ተሻግሮም አልለቀቀንም።

አንዲት የማውቃት እህት አረጋውያን ስትንከባከብ የምትውል፣ አንድ ልጅ ያላት ሴት ናት። በኖቬምበር ድሮ ሱቅ የነበረ ምድር ቤት ተከራየች። ወረቀቱ ሲ፣ ነጥቡ 71። ደውላ ስታማክረኝ «ሲ ከሆነ ምን ትጠብቂያለሽ?» ያልኳት እኔ ነኝ፤ ጥፋቴን አልደብቅም። በጃንዋሪ የቅድመ ክፍያ መብራት ቆጣሪዋን ቁልፍ ልታስሞላ በሳምንት ሦስት ጊዜ ወደ ሰፈር ሱቅ ትመላለስ ጀመረች፤ በየጊዜው 10 ፓውንድ። ልጁ ጃኬት ለብሶ ይተኛል።

አንድ እሑድ ቡና ላይ ተቀምጠን የመንግሥቱን የኢፒሲ መዝገብ በስልኬ ከፈትኩ። ፖስት ኮዱን አስገባን። በዚያ አድራሻ ሦስት ወረቀቶች ወጡ። 71 ያለው የእሷ ሳይሆን ከላይዋ ያለው ፍላት ወረቀት ነበር! የላይኛው ከሥሩም ከአናቱም የሞቀ ቤት አለው፤ ከእሷ ወለል በታች ግን አፈር ብቻ ነው። የእሷ ወረቀት ኢ፣ 41 ይላል። በግድግዳው አንጻር «ምንም ሙቀት መከላከያ የለውም» ተብሎ በቅንፍ «ግምት» ተጽፏል። ኤጀንቱን ስትጠይቀው የተሳሳተ ወረቀት እንደተላከላት ነገራት፤ ይቅርታ እንኳን አልጠየቃትም።

ስለዚህ ኤጀንቱ ያሳያችሁን አትመኑ፣ መዝገቡን ራሳችሁ ክፈቱ። ነጻ ነው፣ መመዝገብም አይጠይቅም። የፍላቱን ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ፊደል አስተያዩ፤ 2 እና 2ኤ አንድ ቤት አይደሉም። የወለሉን ስፋት ተመልከቱ፤ 60 ካሬ ሜትር ተጽፎ የምታዩት ግን አንድ ክፍልና ጠባብ ኩሽና ከሆነ ወረቀቱ የሌላ ቤት ነው፣ ወይም ቤቱ ከዚያ ወዲህ ተከፍሏል። ቀኑንም እዩ። ወረቀቱ ለ10 ዓመት ይሠራል፣ በ10 ዓመት ውስጥ ደግሞ ቦይለር ይሞታል፣ መስኮት ይበሰብሳል። ክፍል ብቻ የምትከራዩ ከሆነ ለክፍሉ የተለየ ወረቀት አትጠብቁ፤ የሙሉውን ቤት ፈልጉ።

ገምጋሚው ግድግዳ አይበሳም። ይለካል፣ ያያል፣ ፎቶ ያነሣል፤ ማስረጃ ያላገኘበትን ነገር በቤቱ ዕድሜ ይገምታል። «ግምት» የሚለው ቃል የበዛበት ወረቀት ሰምቶ እንጂ አይቶ ያልመሰከረ ምስክር ነው። ነጥቡ ደግሞ የሚሰላው ማንም ይኑርበት ማን፣ ሳሎኑ 21 ዲግሪ እየሞቀ ሊያስወጣ በሚችለው የነዳጅና የመብራት ወጪ ላይ ተመሥርቶ ነው። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ቀን የሚተኛውን፣ ሕፃን ያላትን አያውቅም። በአንድ ዩኒት ሲታይ መብራት ከጋዝ ይወደዳልና በኤሌክትሪክ ሂተር የሚሞቅ ቤት ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ፊደል ያገኛል። ፊደሉ ቤትን ከቤት ለማወዳደር እንጂ የወር ሒሳባችሁን ለመተንበይ አልተሠራም።

ወረቀቱ የማይነግራችሁን በራሳችሁ ለመፈተን አሁን ወደ ጧፌ ልምጣ። ወዳጆቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ቤት ለማየት ስሄድ ከቤተ ክርስቲያን የገዛሁት ጧፍ ኪሴ ውስጥ አለ። በቀዝቃዛ ቀን፣ በተለይ ከመሸ በኋላ፣ አስፈቅዳችሁ ለኩሱት። መጋረጃውን ሰብስቡና ጧፉን በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደህና፤ ወደ ጎን ከተኛ ነፋስ በዚያ በኩል ይገባል፣ ገንዘባችሁም በዚያው ይወጣል። ከዚያ ነበልባሉን ወደ መስታወቱ አስጠግታችሁ ነጸብራቁን ቁጠሩ። ሁለት የተጣበቁ ነበልባሎች ብቻ ከታዩ መስታወቱ ነጠላ ነው። አራት፣ ሁለት ሁለት ሆነው ከታዩ ድርብ ነው። ከአራቱ የአንዱ ቀለም ከተለየ ደግሞ ሙቀት የሚመልስ ቅብ አለው ማለት ነው፤ እሱን ስታዩ ደስ ይበላችሁ። ጧፉን አጥፉና መዳፋችሁን በውጭው ግድግዳ ላይ፣ ከአልጋው ራስጌ ከሚሆነው ቦታ ዝቅ አድርጋችሁ አሳርፉ። እስከ 20 ቁጠሩ። እጃችሁ ከደነዘዘ ሌሊት ጀርባችሁም እንደዚያው ነው።

ሂተሩ ቀድሞ በርቶ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ።

ግን ይሄን ሁሉ የሚያደርግ ስንቱ ነው? ይሉኝታ ገደለን። አገናኙ የአገር ልጅ ከሆነማ ለመጠየቅ አፋችን ይተሳሰራል፤ ቤቱን ሳናይ ቀብድ እንልካለን፤ «በአንድ ቀን ቤት አገኘሁ» ብለን ለወሬ እንቸኩላለን። ቀድሞ የኖረበትን ሰው «በወር ስንት ትከፍል ነበር? ደረሰኙን ታሳየኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። እኔ እንዲያውም ከወረቀቱ ይልቅ ደረሰኙን አምናለሁ።

ገብተንም ጥፋት አለን። ብርድን ፈርተን የአየር ማስገቢያውን በፕላስተር እንለጥፋለን፣ ልብስ ራዲያተር ላይ እናደርቃለን፣ በተዘጋ መስኮት ወጥ እንሠራለን፤ ከዚያ ግድግዳው ሲጠቁር እንገረማለን። አከራይ ግን በዚህ አመካኝቶ እንዳያመልጥ። በ2020 በሮችዴል የሞተው የ2 ዓመቱ አዋብ ኢሻቅ በቤቱ ለነበረው ሻጋታ ለረጅም ጊዜ በመጋለጡ እንደሞተ የአሟሟቱ መርማሪ ዳኛዋ በ2022 ወስናለች። ሻጋታ ፎቶ ይነሣል፣ ቀን ይጻፍበታል፣ በኢሜይል ይላካል።

ሕጉን በአጭሩ፦ ኢንግላንድና ዌልስ ውስጥ አከራዩ ወረቀቱን ያለ ክፍያ ሊሰጣችሁ ይገባል። ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ ለአዲስ ኪራይ፣ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ለነባሩም፣ ኤፍ ወይም ጂ የሆነ ቤት ከሕጉ ነጻ የሚያደርገው በመዝገብ የሰፈረ ምክንያት ከሌለው ማከራየት አይቻልም፤ አቤቱታው ወደ ካውንስል ነው። የእህታችን 41 ግን ሕጋዊ ነበር፤ ኢ ከ39 ይጀምራልና። የወረቀቱ ይዘት ራሱ ስህተት ከሆነ ግርጌው ላይ የገምጋሚው ስምና ፈቃድ የሰጠው አካል አድራሻ አለ። መጀመሪያ ለገምጋሚው፣ ካልሰማ ለዚያ አካል ጻፉ፤ የመስኮቱንና የሂተሩን ፎቶ አያይዙ።