ወገብ ላይ የሚታጠቅ ቢላዋ ስለ ምን ቶሎ ይዝጋል?

በአገራችን ካራ ወይም ጩቤ ታጥቆ የሚውል ሰው ጥቂት አይደለም። የአፋር ሰው ጊሌ የሚባለውን በሁለት ወገን ስለት ያለው ቆልማማ ጩቤ በወገቡ ላይ ይታጠቃል፤ የደጋውም ገበሬ ካራውን ከነአፎቱ በመታጠቂያው ውስጥ ይሸጉጣል። ቀጥቃጮቻችን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለውን ቢላዋ የሚሠሩት ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ነው። በ1000 ግራም ባሌስትራ ውስጥ ከ5 እስከ 6 ግራም ካርቦን ስለሚገኝ ብረቱ በደንብ ይጠነክራል፤ ስለቱም ይበረክታል። ዳሩ ግን ያለበት ክሮም እጅግ ጥቂት ነው። የማይዝግ የሚባለው ብረት በ1000 ግራም ውስጥ ቢያንስ 105 ግራም ክሮም ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ የቀጥቃጭ ካራ ስለቱ ጥሩ ቢሆንም ጥበቃ ይፈልጋል።

አሁን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካራ በጋውን ሙሉ ሳይዝግ ይከርማል፤ ያው ካራ ወገብ ላይ ሲውል ግን በአንድ በሁለት ቀን ቡናማ ነጥብ ያወጣል። አገሩም አየሩም አንድ ሲሆን ይህ ልዩነት ከየት መጣ?

በኬሚስትሪ ትምህርት እንደተማርነው ብረት እንዲዝግ ውሃና ኦክሲጅን በአንድነት ሊያገኙት ያስፈልጋል። ይህንንም ማንም ሰው በቤቱ ሊፈትነው ይችላል። ሦስት ምስማሮች በሳሙና ታጥበው በሦስት ጠርሙሶች ውስጥ ይግቡ። በአንደኛው ጠርሙስ አየሩ እንዲወጣለት በደንብ የፈላ ውሃ እስከ አንገቱ ተሞልቶ ከላዩ ዘይት ይፍሰስበት፤ በሁለተኛው ተራ ውሃ፣ በሦስተኛው የጨው ውሃ ምስማሩን በከፊል እስኪሸፍን ይደረግ። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ምስማር እንደ ነበረ ይገኛል፤ ሁለተኛው ዝጎ ይታያል፤ ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይብሳል። ምክንያቱም ብረት በሚዝግበት ጊዜ ከአንዱ የብረቱ ነጥብ ወደ ሌላው ኤሌክትሪክ ይተላለፋል፤ ጨዋማ ውሃም ኤሌክትሪክን ከተራው ውሃ አብልጦ ያስተላልፋል።

የሰው ላብ ደግሞ የጨው ውሃ ነው። እንደየሰውና እንደየሥራው ይለያይ እንጂ በአንድ ሊትር ላብ ውስጥ ከ1 እስከ 5 ግራም ያህል ጨው ይገኛል፤ ከዚህም ሌላ ላክቲክ አሲድ አለበት። እንግዲህ ወገብ ላይ ያለ ቢላዋ የሚኖረው በአገሩ አየር ሳይሆን በታጣቂው ገላ አየር ነው፤ ውጭው በጋ ቢሆንም ለእሱ ሁልጊዜ ክረምት ነው።

ብዙ ሰዎች ላቡ ከደረቀ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የሚደርቀው ውሃው ነው፤ ጨው በብረቱ ላይ ይቀራል። አየሩ ረጠብ ሲል ያ ጨው እርጥበት ይስብና ዝገቱ እንደገና ይጀምራል። በዚህ ጨው ላይ ዘይት መቀባትም ጠላትን ከቤት አስገብቶ በር እንደ መዝጋት ይቆጠራል። ስለዚህ ላብ የነካውን ቢላዋ ከዝገት ለማዳን አስቀድሞ በውሃ ማጠብ ይገባል ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም፤ ግን እውነቱ ይህ ነው። ማታ ማታ በንጹሕ ለብ ያለ ውሃ አጥቦ፣ ወዲያው በጨርቅ አድርቆ፣ ከዚያ በስሱ ቅባት ማስነካት ነው።

ቅባቱንም መምረጥ ያስፈልጋል። ለጋ ቅቤ ውሃ ስላለበት አይሆንም፤ ንጥር ቅቤ ይሻላል፤ ግን ሲቆይ ይሸታል፣ አሲድም ያወጣል። የኑግና የተልባ ዘይት ሲደርቁ እንደ ሙጫ ይጣበቃሉ። ቫዝሊን በጣም ጥሩ ነው። ከገላ አጠገብ ለሚውል ግን እኔ የማስበልጠው ሰም ነው፤ ቢላዋውን ፀሐይ ላይ ሞቅ አድርጎ ሰም ቢያሹበት እንደ ዘይት በቀላሉ ተጠርጎ አይጠፋም።

አፎቱ መረሳት የለበትም። ቆዳ ላብ ይጠጣል፤ የጠጣውንም ጨው ይዞ ይቆያል። ቢላዋው ታጥቦ ወደ እርጥብ አፎት ቢመለስ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ሌሊት ሁለቱ ተለያይተው ይደሩ፤ አፎቱ ነፋስ በሚያገኝበት ይሰቀል። አፎቱ ወይም እጀታው የናስ ጌጥ ካለው ናሱ ብረቱን በሚነካበት ቦታ ላይ ይበልጥ መጠንቀቅ ነው፤ ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች በጨው ውሃ ሲገናኙ ናሱ ይድናል፣ ብረቱ ግን ይበላል።

ዝገት ከጀመረ ማስለቀቁ ከቀላሉ ይጀመር። ቀጭኑ ዝገት ላምባ ተቀብቶ ጥቂት ሰዓት ከቆየ በኋላ በነፊ አመድና በጨርቅ ሲታሽ ይለቃል። ያልለቀቀው በአቼቶ ወይም በሎሚ ውሃ ተነክሮ በየጊዜው እየታየ ይታሽ፤ አሲድ ዝገቱን ከጨረሰ በኋላ ደኅናውን ብረት መብላት ስለሚጀምር ረስቶ ማሳደር አይገባም። ሲወጣም ሶዳ በገባበት ውሃ ታጥቦ ወዲያው ይድረቅና ይቀባ።

ወላጆች ዝገት መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል ሲሉ እንሰማለን። በሽታውን የሚያመጣው ዝገቱ ሳይሆን በአፈርና በእበት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ይሁን እንጂ ዝገት የቦረቦረው ብረት ቆሻሻን በጎድጎዶቹ ስለሚደብቅ ጥንቃቄያቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዛገ ብቻ ሳይሆን አፈር በነካው በማናቸውም ስለት የቆሰለ ሰው ቁስሉን በሳሙና አጥቦ ስለ ክትባቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ።

ጎድጎዱ የጠለቀ እንደ ሆነ ቢላዋው ወደ ቀጥቃጭ ይሂድ። ዝገቱ ይቃጠል ብሎ ፍም ውስጥ መክተት ግን ቢላዋውን ይገድለዋል። በሞተር ድንጋይ የሚሳልም ከሆነ በየጊዜው ውሃ ውስጥ እየተነከረ ይሁን፤ ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ያህል ደርሷል ማለት ነው፤ ያ ቦታ ለስልሷልና ከእንግዲህ ወዲያ እንደ ቀድሞው ስለት አይዝም።