የናና ዘይት ለምትጠቀሙ ማሳሰቢያ
ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና ለዙሪያው ገጠር ነዋሪዎች

ምች ሲመታ ዳማከሴ ማሸት፣ ጉንፋን ሲይዝ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ መታጠን የኖርንበት ነው። በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው የፔፐርሚንት ማለትም የናና ዘይትም ከዚሁ ወገን ነው። ቅዝቃዜ የሚሰጠው ሜንቶል ብርድን የሚያሳውቀውን ነርቭ ስለሚቀሰቅስ ነው፤ ይህን የደረሱበት ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን እ.ኤ.አ. በ2021 የሕክምና ኖቤል ተሸልመዋል። እንግዲህ ገላ የበረደ ይመስላል እንጂ ትኩሳቱ አልወረደም፤ አፍንጫም የተከፈተ ይመስላል እንጂ እብጠቱ አልጎደለም።

ስለዚህ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ከመጣ ዘይት እያሸተታችሁ አትዋሉ። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ለሥራ ወደ ብር ሸለቆ ወርዶ የተመለሰ ሰው «ምች ነው» ብሎ መተኛት የለበትም። ወባ ሊሆን ይችላል፤ ፋልሲፓረም የተባለው ዓይነት ደግሞ በጥቂት ቀናት ራስ ያስታል፣ ይገድላል። በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ሂዱ። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ውጤቱ በ20 ደቂቃ ገደማ ይታወቃል።

ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ዘይቱንም ሆነ ሜንቶል ያለበትን ቅባት ፊቱና ደረቱ ላይ አትቀቡ። እናቶች ይህን የሚያደርጉት ለልጃቸው ሳስተው እንደሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን ሜንቶል የሕፃኑን ጉሮሮ ድንገት ዘግቶ ትንፋሹን ሊያቆም ይችላል። ሕፃን ታቅፎ መታጠንም ይቅር፤ የፈላው ድስት ሲደፋ ገላው ይላጣል።

ለአዋቂ፦ በአንድ የሻይ ማንኪያ የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት ከ2 እስከ 3 ጠብታ ቀላቅሎ ግንባር መቀባት ውጥረት ያመጣውን ራስ ምታት ያስታግሳል። ለማሽተት መሐረብ ላይ አንድ ጠብታ ይበቃል። ሳይቀጥን አትቀቡ፤ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ዐይናችሁን አትንኩ። አስም ያለበት ሰው ይተወው። ዘይቱ ከኩራዝና ከምድጃም ይራቅ፣ ይቀጣጠላል።

አትጠጡት። ሻይ ላይ የምንጥለው ቅጠል ሌላ ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ከብዙ ቅጠል በእንፋሎት የወጣ ጥቂት ዘይት ነው። ልጅ ከጠጣው እንዲያስታውክ አታድርጉት፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ልጁን ከነጠርሙሱ ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሩጡ።