ማቆምን መማር፦ ዕጩ መምህርና ዲጂታል ቴክኖሎጂ በአንደኛ ደረጃ ክፍል

በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች የሚሰጠው የቴክኖሎጂ ሥልጠና በአብዛኛው መሣሪያውን ማዕከል ያደረገ ነው። ዕጩ መምህሩ ኮምፒውተር መክፈትና መዝጋት፣ ጽሑፍ መተየብ፣ በፓወር ፖይንት ትምህርት ማዘጋጀት ይማራል። ለተግባር ልምምድ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲላክ ግን የሚጠብቀው ክፍል ከኮሌጁ የኮምፒውተር ክፍል ጋር እምብዛም አይመሳሰልም። በአንድ ዴስክ ተጣበው የተቀመጡ ሕፃናት፣ ሰሌዳና ጠመኔ፣ የሚመጣና የሚሄድ መብራት፣ በኪሱ ደግሞ የራሱ ስልክ አለ። በዚህ ክፍል ውስጥ የሚጎድለው መሣሪያውን የማንቀሳቀስ ችሎታ አይደለም፤ ስልክማ ከማንም በላይ ያውቃል። የሚጎድለው መሣሪያውን መቼ ማቆም እንዳለበት፣ ካቆመም በኋላ ምን መጠየቅ እንደሚገባው ማወቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይኸው ነው።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዳን ሎርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ሥራው እንዳመለከተው፣ ሰው የማስተማርን ሙያ መማር የሚጀምረው ኮሌጅ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ ለዓመታት በተማሪነት ተቀምጦ መምህሮቹን ሲመለከት ነው። ይህ አስተያየት በኢትዮጵያ ሁኔታ ሲታይ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፦ ቴክኖሎጂ በክፍል ውስጥ ሲሠራ ዕጩ መምህሩ ከማን አየ? ከ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2004) ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውና በተለምዶ «ፕላዝማ» የሚባለው የሳተላይት ትምህርት በአገሪቱ በስፋት የታየ የክፍል ቴክኖሎጂ ነበር። መምህሩ ጥቂት ደቂቃዎች ያስተዋውቃል፤ ቀጥሎ የክፍለ ጊዜው አብዛኛው ክፍል ለስክሪኑ ይሰጣል፤ በመጨረሻ መምህሩ ያጠቃልላል። በስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ለመልስ አጭር ጊዜ ይሰጣል፣ ተማሪው መለሰም አልመለሰም ይቀጥላል። ሥርጭቱ በቀጥታ ከሳተላይት የሚመጣ በመሆኑ፣ ተማሪዎቹ ግራ መጋባታቸውን በፊታቸው ላይ ያነበበ መምህር እንኳ ሊያቆመው አይችልም ነበር። ያንን ዘመን በተማሪነትም በመምህርነትም ያሳለፉ ሰዎች ዛሬ ዕጩ መምህራንን ያሠለጥናሉ።

ሌላው ጽንፍ ብዙ ጊዜ በአድናቆት የሚጠቀሰው የወንጪና የወለንጪቲ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተሰኘው ድርጅት ማንበብ ለማይችሉ የገጠር ሕፃናት በሣጥን የታሸጉ ታብሌቶችን ያለ መምህርና ያለ መመሪያ አድሏል። ሕፃናቱ ራሳቸው ከፍተው መጠቀም መጀመራቸው በስፋት ተወርቷል፤ ስለ ሕፃናት ጉጉትም ብዙ ያስተምራል። ሆኖም ፕላዝማና ታብሌቱ በአንድ ነገር ይገናኛሉ። የመጀመሪያው መምህሩን ከስክሪኑ ጎን አቆመው፤ ሁለተኛው ከነአካቴው አላስፈለገውም። ከሁለቱም ዘንድ ዕጩ መምህር የሚቀዳው የሥራ አርአያ የለም።

በንድፈ ሐሳብ ረገድ መነሻው ሩቅ አይደለም። ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 የትምህርቱን ይዘት ማወቅና ማስተማርን ማወቅ ተደምረው ብቻ በቂ እንደማይሆኑ፣ ይህን ይዘት ለእነዚህ ተማሪዎች እንዴት ግልጽ ማድረግ እንደሚቻል የሚያውቅ ሦስተኛ ዕውቀት እንዳለ አስረዳ። ሚሽራና ኮህለር እ.ኤ.አ. በ2006 ቴክኖሎጂን በዚሁ ላይ አክለው የሦስቱን መገናኛ የመምህሩ ዋነኛ ዕውቀት አደረጉት። ይህ ማዕቀፍ በድኅረ ምረቃ ጽሑፎች ውስጥ እስኪሰለች ድረስ ይጠቀሳል፤ ሦስቱ ክቦች ተሥለው ይቀርባሉ። በአንድ የሁለተኛ ክፍል የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ውስጥ መገናኛው የት እንዳለ የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው።

ምሳሌ ይወሰድ። «ነቃ» እና «ነካ» የሚሉትን ቃላት ለይቶ ለማስነበብ ስልክ አያስፈልግም፤ ፊደሉ ራሱ ልዩነቱን ያሳያል፣ ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃሉ። «ገና» የሚለው ቃል ግን ሌላ ነው። ላልቶ ሲነበብ «መምህሩ ገና አልመጣም» ይሆናል፤ ጠብቆ ሲነበብ «ነገ ገና ነው» ይሆናል። «ዋና» ላልቶ ውኃ ውስጥ የሚደረገው ነው፣ ጠብቆ አለቃ ወይም ተቀዳሚ ነው። «አለ»ም እንዲሁ። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ሰሌዳው ዝም ይላል። ድምፅን ይዞ ሳይለውጥ ደጋግሞ የሚያሰማ መሣሪያ ቦታ የሚያገኘው በዚህ ነጥብ ነው። በእርግጥ መምህሩ ራሱ ሊናገረው ይችላል፣ ሊናገረውም ይገባል። ነገር ግን ሰው ሲደጋግም ሳያውቀው ያጋንናል፤ ልዩነቱን በማጉላት መልሱን ለሕፃናቱ አስቀድሞ ይነግራቸዋል።

ዕጩ መምህሩ ዓረፍተ ነገሮቹን ማታ በስልኩ ቀድቶ ይመጣል እንበል። ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም ባትሪው ለ40 ደቂቃ ይበቃል። ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። በመጀመሪያው መንገድ አሥር ዓረፍተ ነገሮችን ተከታትሎ ያሰማል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይደግማል። ትምህርቱ ሕያው ይመስላል፤ ከኋላ የተቀመጠው ተቆጣጣሪም ይደሰት ይሆናል። በኅብረት ድምፅ ውስጥ ግን ያልገባው ሕፃን ይደበቃል። በሁለተኛው መንገድ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አሰምቶ ያቆማል። «ገና» ብሎ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ሁለተኛውን አሰምቶ ደግሞ ያቆማል፤ ያንኑ ቃል ከሥሩ ይጽፋል። «ሁለቱ አንድ ናቸው?» ብሎ ይጠይቅና ዝም ይላል። ፊደሉ አንድ ነው የሚሉና ድምፁ ይለያያል የሚሉ ሕፃናት መከራከራቸው የትምህርቱ እምብርት ነው፤ በዚያ ሰዓት ስልኩ ኪስ ውስጥ ቢሆንም ሥራውን ሠርቷል። በዚህ መንገድ በክፍለ ጊዜው ውስጥ የሚሰሙት ዓረፍተ ነገሮች ሦስት ወይም አራት ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ለዕጩ መምህር ይህን መቀበል ከባድ ነው፤ ያዘጋጀውን ሁሉ ካላሰማ የባከነ ይመስለዋልና።

የሕፃናቱን ንባብ ቀድቶ መልሶ ማሰማትም ከዚሁ ይመደባል። የገዛ ድምፁን የሰማ ሕፃን የት ላይ እንዳላላና እንዳጠበቀ ብዙ ጊዜ ሳይነገረው ያርማል። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ግን ይህ ለሁሉም በአንድ ቀን አይደረስም፤ በየቀኑ አራት አምስቱን መቅዳት፣ ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲያነቡ ማድረግ ይቻላል። እዚህ ላይ የትምህርት ቤቷ አማካሪ መምህርት ዕገዛ ከኮሌጁ የኮምፒውተር መምህር ይልቅ ሊጠቅም ይችላል። ስልክ ላይ ድምፅ መቅዳትን ላታውቅ ትችላለች፤ ሕፃናት የት እንደሚደናቀፉ ግን ታውቃለች፣ ማቆሚያውን የምትጠቁመውም እርሷ ናት። ሁለቱ ትምህርቱን አብረው ቢያቅዱ ዕጩው ስልኩን፣ እርሷ ማቆሚያውን ያዋጣሉ።

የተግባር ልምምድ ምዘናም በዚህ አቅጣጫ መለወጥ ይኖርበታል። «የትምህርት መርጃ መሣሪያ ተጠቅሟል» በሚል ረድፍ ላይ ምልክት ማድረግ ዕጩው መሣሪያውን ይዞ መግባቱን እንጂ ማስተማሩን አይለካም፤ ይባስ ብሎ ነቃና ነካን በፕሮጀክተር ያሳየውን ይሸልማል። ተቆጣጣሪው ሌላ ነገር ቢጽፍ ይሻላል፦ መሣሪያው ሰሌዳው የማይችለውን ምን አደረገ? ስንት ጊዜ ቆመ? በቆመበት ጊዜ ማን ተናገረ፣ መምህሩ ወይስ ሕፃናቱ? ባትሪው ቢያልቅ ትምህርቱ ይቀጥል ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም የዝግጅቱን ጥልቀት ያጋልጣል፤ ስልኩ ሲዘጋ የሚያልቅ ትምህርት ሲጀመርም የስልኩ ነበርና።

አንድ ነገር ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። ዕጩ መምህሩ ከልምምዱ ሲመለስ የሕፃናቱ ድምፅ በግል ስልኩ ላይ ይቀራል። ከመቅዳቱ በፊት ርዕሰ መምህሩንና ወላጆችን ማስፈቀድ፣ ቅጂውን ለጓደኛ አለመላክ፣ ክፍሉን ከመሰናበቱ በፊት በአማካሪዋ ፊት ማጥፋት በልምምዱ መመሪያ ውስጥ ሊጻፍ የሚገባው ጉዳይ ነው። ሕፃናቱ ራሳቸው «ድምፃችን የት ገባ?» ብለው መጠየቃቸው ስለማይቀር፣ መልሱን ይዞ ክፍል መግባት ይኖርበታል።